ለጭነት የተገዛ ሾክ

መኪና ያለው ሰው ዘመድ አያጣም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩት። ወረታ ይምጣና የደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ ቆሞ «ያ ብቻውን የሚነዳው ሰውዬ ቤቱ የት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። ስሜን የማያውቁ ባጃጅ ነጂዎች እንኳ ቤቴን ያሳዩታል። ከመጣልኝም ሻይ አፈላለታለሁ፤ ቶሎ እንዲሄድ ግን አልፈቅድለትም።

ሥራዬ የውኃ ፓምፕ መጠገን ነው። ፎገራ ላይ ሩዙን ክረምቱ ራሱ ያጠጣዋል፤ የበጋው ሽንኩርት ግን ያለ ፓምፕ አይሆንም። ስለዚህ ፓምፕ ማሳል ሲጀምር እኔ እጠራለሁ። በየቀኑ ከወረታ ተነሥቼ በአሮጌዋ ፒክአፔ ሜዳውን ሳካልል እውልና እመለሳለሁ። ኋላ ላይ የምጭነው አንድ የመፍቻ ሣጥንና አንድ ጥቅል ቱቦ ነው። ፊት ላይ የምጭነው ራሴን ነው። እኔም ብሆን ያን ያህል አልከብድም፤ ባለቤቴ የሺ ካረፈች ወዲህ የምበላው ራሴ የሠራሁትን ስለሆነ ሰውነቴ በደንብ ቀሏል።

የሺ ካረፈች ሦስት ዓመት አለፋት። ልጅ አልሰጠንም። ከእሷ የተረፈኝ ዘመድ አንድ ሰው ነው፤ ቁሐር ሚካኤል የሚኖሩት እናቷ፣ እሜቴ ካሳነሽ። ሚስት ስትሞት አማችነት አብሮ ይቀበር አይቀበር አላውቅም። የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሞልተዋል፤ መልሱን ስለምፈራ ጠይቄ አላውቅም። እስኪያባርሩኝ ድረስ አማች ነኝ ብዬ ዝም አልኩ።

በእኛ አገር አማትና አማች ይከባበራሉ። ክብሩ ደግሞ ቀላል አይደለም። እሳቸው እኔን አንቱ ይሉኛል፤ እኔም እሳቸውን አንቱ እላለሁ። አንዳችን በሌላው ፊት ራበኝ፣ ደከመኝ፣ አመመኝ አንልም። የሺን ካገባሁ ጀምሮ እሳቸው ቤት ከማዕድ የተነሣሁት ሁልጊዜ «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያልኩ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ እውነቴን አልነበረም። እሳቸውም አንዴ እሾህ እግራቸውን ወግቷቸው በፊቴ እየሳቁ ሲራመዱ አይቻለሁ። ዞር ስል ነው አሉ የነቀሉት። እንዲህ ያለው ክብር ለቤት ይመች ይሆናል። መኪና ላይ ሲወጣ ግን ምን እንደሚያመጣ አሁን ታያላችሁ።

በየገበያው ቀን ጠዋት ቁሐር ሚካኤል ሄጄ እሜቴ ካሳነሽን ጋቢና አስቀምጬ ወረታ አመጣቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እመልሳቸዋለሁ። መንገዱን ሁሉ ያወራሉ፤ ስለ ላማቸው፣ ስለ ጎረቤት ጠብ፣ ስለ ዘንድሮው ሩዝ ፍሬ። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሳያስቡት «የሺ ልጅ ሳለች» ብለው ይጀምራሉ። የሺ ልጅ ሳለች ከጥጃ ጋር ትታገል ነበር። የሺ ልጅ ሳለች ጎርፍ የወሰደባትን ጫማ ተከትላ እስከ አንገቷ ውኃ ገብታ ነበር። ወረታ ውስጥ ስሟን የሚያነሣልኝ ሰው የለም። እንዳላዝን ብለው ነው መሰለኝ፤ ደጎች ናቸው። እኔ ግን ስሟን ከሰው አፍ የምሰማው በሳምንት አንድ ቀን፣ እዚያ ጋቢና ውስጥ ብቻ ነው። ሌላውን ስድስት ቀን የምነዳው ለዚያች አንድ ቀን ነው ብል አልዋሸሁም።

ባለፈው መስከረም ነገር ተበላሸ። ክረምቱ ሲወጣ ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ ትራክተር የሄደበትን ቦይ እንደያዘ ይደርቃል፤ መንገድ ከማለት እርሻ ማለት ይቀላል። እኔ ደግሞ ወሬ ላይ ነበርኩ። መኪናዋ ቦዩ ውስጥ ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች፣ ከወጣችም በኋላ በገዛ ፈቃዷ መዝለሏን ቀጠለች። የእሜቴ ካሳነሽ ራስ ጣሪያውን ነካ። «ነካ» ያልኩት ለክብራቸው ነው እንጂ ድምፁ ሐሙሲት ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ጭናቸው ላይ የያዙት የእንቁላል ቅርጫት ተገልብጦ ነጠላቸው ቢጫ ሆነ።

«እሜቴ! ተጎዱ?»

«ምን ሆኜ! ጣሪያው ዝቅ ብሎ ነው።»

«እንቁላሉስ?»

«እንቁላል መቼም መሰበሩ አይቀር» አሉና ነጠላቸውን አጣጥፈው ያዙ።

በሚቀጥለው ገበያ ስሄድ ከደጃቸው ሆነው «ዛሬስ መኪናዎ ትረፍ» አሉኝ። በሁለተኛው ሳምንት «እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» አሉ። በሦስተኛው ሳምንት ወረታ መግቢያ ላይ በዓይኔ በብረቱ አየኋቸው፤ ባጃጅ ውስጥ፣ በሦስት ሰዎችና በአንድ በግ መካከል ተጣብቀው። እጅ ነሡኝ፤ እኔም እጅ ነሣሁ። በጉም ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። ባዶ ወንበር ይዤ ከኋላቸው እየነዳሁ ገበያ ድረስ ተከተልኩ፤ ከዚያ የምሄድበት ስላልነበረኝ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ነገሩ ግልጽ ነው አልኩ። ወገባቸው ተጎድቷል፤ በአማችነት ክብር ደግሞ አይነግሩኝም። እኔም በዚያው ክብር አልጠይቃቸውም። የቀረው መኪናዋን መጠየቅ ነው ብዬ በማግሥቱ አያ ሙላት ጋራዥ ገባሁ። አያ ሙላት ሽማግሌ ነው፤ ሞተር በጆሮው፣ ሰውን በዓይኑ የሚመረምር። የመኪናዬን ጥግ በሁለት እጁ ጫን አድርጎ ለቀቃት።

«እያት» አለኝ። «ደህና መኪና አንዴ ወርዳ፣ አንዴ ወጥታ ቀጥ ትላለች። ያንተዋ እንደ ሰርግ ቤት አስተናጋጅ ለመጣው ለሄደው እጅ ትነሣለች። ሾኩ ሞቷል።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ሾክ ማለት መኪና ጉድጓድ ገብታ መዝለል ስትጀምር ጎትቶ «በቃሽ» የሚላት ዘንግ ነው። በየጎማው አንድ አንድ፣ አራት ናቸው።

«ከሞተ ስንት ጊዜው ይሆናል?» አልኩት።

«እኔ እንጃ። ሦስት ዓመት ይሆነዋል።»

ቤቴ ውስጥ ያለው ሁሉ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ሰዓቱም የቆመ፣ በሩም የተንሻፈፈ ያኔ ነው። «እንግዲያው ለስላሳ ሾክ አድርግልኝ፤ ትልቅ ሰው ነው የማሳፍረው» አልኩት።

«እኔ ገጣሚ ነኝ፤ መለዋወጫ ዕቃ ቤት ሄደህ ግዛና አምጣ። ግን ሲጠይቁህ እውነቱን ንገራቸው። ሾክ እንደ ጫማ ነው፣ በልክ ነው የሚገዛ።»

ከመግዛቴ በፊት ሰው ላማክር አልኩ። እዚህ ላይ አንድ ምሥጢር ላውጣ፤ ብቸኛ ሰው ዕቃ መምረጥ ይወዳል። ዕቃ ሲመርጥ ሰው ያናግረዋላ! ሻይ ቤት ገብቼ ዝም ብዬ ብቀመጥ አሳላፊው እንኳ ሻዩን አስቀምጦ ይሄዳል። «ምን ዓይነት ሾክ ልግዛ?» ስል ግን ቤቱ በሙሉ ወንበሩን ወደ እኔ ያዞራል። ስለዚህ በአንድ ቀን የሚያልቀውን ምርጫ ሁለት ሳምንት ጎተትኩት።

የደብረ ታቦር መስመር ሹፌር «ጋዝ ያለውን ግዛ፤ ዳገት ቁልቁለቱን የሚችል እሱ ነው» አለኝ። ጎንደር የሚመላለሰው ሹፌር «ጋዙ ወገብ ይሰብራል፤ ዘይት ያለውን ግዛ» አለ። እኔ የምነዳው ሜዳ ላይ እንደሆነ ሁለቱም አልጠየቁኝም። ነገሩ ከርሮባቸው ከሾክ ወጥተው ወደ ሌላ ነገር ገቡ፤ ለካ የቆየ ጠብ ኖሯቸዋል። አንድ ባጃጅ ነጂ ደግሞ «ሸጠህ ባጃጅ ግዛ» አለኝ። እሱን ከዚያ ወዲህ ሰላም አልለውም። አንድ የከብት ነጋዴ በበኩሉ ሾክ ጭራሽ አያስፈልግህም፣ ጎማውን ግማሽ አስተንፍሰው፣ ትራስ ይሆንልሃል ብሎ መከረኝ። አስተነፈስኩት። መሪው እንደ እልኸኛ በሬ አልዞርም አለ፤ መገንጠያው ላይ ቀኝ ልታጠፍ ብዬ አንድ የሽንኩርት መደብ ፊት ቆምኩ። እየተጎተትኩ ጎሚስታ ቤት ስደርስ ጎሚስታው «ማን ነው አስተንፍስ ያለህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የከብት ነጋዴ ነው።»

«ደግ» አለ። «በሬ ስትገዛ ደግሞ እኔን አማክር።»

በሦስተኛው ሳምንት ምክሩም፣ የሚመክረኝም ሰው አለቀና ዕቃ ቤት ገባሁ። ቤቱ በሹፌሮች ተሞልቷል። ሻጩ ሦስት ዓይነት ሾክ ባንኮኒው ላይ አጋደመ።

«ይኼ ለስላሳው ነው፣ ባዶዋን ለምትሄድ መኪና። ይኼ መካከለኛው። ይኼኛው ጠንካራው፣ ለከባድ ጭነት። ያንተ መኪና ምን ትጭናለች? ስንት ሰው ታሳፍራለች?»

ከጎኔ ያለው ሹፌር የሩዝ ጆንያና ስድስት ሰው እንደሚጭን ሲናገር ገና አሁን ሰምቻለሁ። ከእሱ ፊት የነበረውም ቤተሰቡን ከነፍየሎቹ ቆጥሯል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «አንድ ሰው፤ እኔ» ማለት ነበረብኝ። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ሰው በሞላበት ቤት ይህን ጮክ ብሎ መናገር ምን ያህል እንደሚያሳፍር ብቻውን ያልኖረ አያውቀውም።

«ሙሉ ነች» አልኩ። «ፊትም ኋላም። እንዲያውም ቦታ አጥተው የሚቀሩ አሉ።»

«የምን ሰዎች ናቸው?»

«ዘመዶች» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሻጩ ለስላሳውን ወደ መደርደሪያው መልሶ ጠንካራውን አራቱንም ጠቀለለልኝ። «ዘመድ የበዛበት ሰው የሚያደርገው ይኼን ነው» አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ በራሴ ውሸት ኮርቼ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

አያ ሙላት ገጠመልኝ። ጥጓን ቢጫናት ንቅንቅ አላለችም። እንደገና ተጫናት። ወጥቶም ተቀመጠባት። «ግድግዳ ነው የገዛኸው» አለኝ።

እኔ ግን ደስ ብሎኝ ወደ ቁሐር ሚካኤል አቀናሁ። ድሮ መኪናዋ ትዘል ነበር፤ አሁን መምታት ጀመረች። ጠጠር ስትረግጥ ጠጠሯን ሳታጎድል እስከ መንጋጋዬ አደረሰችልኝ። ጉንዳን ብንረግጥ ወንድ ይሁን ሴት ለይቼ መናገር የምችል ይመስለኝ ነበር። ባርኔጣዬ ዓይኔ ላይ ወረደ። የመፍቻ ሣጥኑ ክዳን ተከፍቶ መፍቻዎቼ በሜዳው ተዘሩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔም ወርጄ አንድ በአንድ ለቀምኩ። እሜቴ ካሳነሽ ደጅ ስደርስ ሳልቆም አዙሬ ተመለስኩ። በዚህ ላይ ትልቅ ሰው ውጡ ማለት ነውር ነው።

«አያ ሙላት፣ ይኼ ነገር ከበፊቱ ባሰ» አልኩት።

«ለጭነት የተሠራ ነዋ። ጭነት ሲጫነው ነው የሚለዝበው። ጭነትህ የታለ?»

«ዛሬ አልመጡም።»

«ጭነት ይመጣል እንዴ? ይጫናል እንጂ።»

አያ ሙላት መጀመሪያ ኋላውን አየ፤ ከዚያ ጋቢናውን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ደግ ሰው ነው፤ ሌላ ምንም አልጠየቀኝም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለጊዜው ድንጋይ ጫንበት» አለኝ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሃምሳ ድንጋይ ለአንድ ሰው ምኑ እንደሆነ ግን የተባለ ነገር የለም። እኔ ልንገራችሁ፤ ጓደኛው ነው። በደብረ ታቦር መንገድ ካለው ኮረብታ ሥር ሃምሳውን ለቅሜ ጫንኩ። መኪናዋ ወዲያው ሰከነች። ቦይ ገብታ ስትወጣ ድንጋዮቹ እርስ በርስ ጉርምርም ይላሉ፤ ከኋላዬ ሰው የሚያወራ ይመስላል። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ትልቋን ድንጋይ «ደህና አደርሽ?» ብያታለሁ። ለማንም እንዳትነግሩብኝ።

ሌላ አገር ቢሆን ድንጋይ የጫነ መኪና ማንም ቀና ብሎ አያየውም። የፎገራ ሜዳ ግን ድንጋይ የለውም። ውሻ ቢያባርራችሁ ጎንበስ ብላችሁ የምታነሡት ጠጠር አታገኙም፤ ውሾቹም ይህን ስለሚያውቁ ጎንበስ ያለ ሰው አይፈሩም። ስለዚህ እዚህ አገር ድንጋይ ጭኖ የመጣ ሰው ትልቅ ነገር ያሰበ ሰው ነው። ይህን አላሰብኩበትም። በሁለተኛው ቀን የቁሐር ሚካኤል ቄሰ ገበዝ መንገድ መሐል ቆመው እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

«ስዕለትህ ይሥመርልህ፣ ልጄ!»

«የምን ስዕለት፣ አባቴ?»

«አትንገረኝ፣ አትንገረኝ። ስዕለት በልብ ነው የሚያዝ።»

ለካ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ክረምት ጎርፍ አፍርሶት ድንጋይ የሚያመጣላቸው ሰው ሲጠብቁ ኖረዋል። አፌን ሳልከፍት አራት ጎበዞች መኪናዬ ላይ ወጡ። ለካህን «አባቴ፣ እነዚህ ተሳፋሪዎቼ ናቸው» ተብሎ እንዴት ይነገራል? ሁሉንም አወረዱ፤ ያችንም ትልቋን። ተባርኬ፣ መስቀል ተሳልሜ፣ እየተናጥኩ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ሌላ ሃምሳ ጫንኩ። መንገዱ አንድ ነው፤ ቄሰ ገበዙም ያው እዚያው ናቸው። በሦስተኛው ቀን የሰበካው ሰው ተሰልፎ ጠበቀኝ። በአራተኛው ቀን እልልታ ነበር። አላመጣም ብዬ ብቀር «ስዕለቱን አጓደለ» ይሉኛል፤ ባመጣ ያወርዱታል። እየተንገጫገጭኩ እየተመረቅሁ ሳምንቱ አለቀ፤ አጥሩም በአንድ ወገን እስከ ወገብ ቆመ። ሚካኤል የልብህን ይስጥህ ያላለኝ ሰው የለም።

ስዕለት ካለ ደግሞ የተሳሉለት ጉዳይ አለ። አገሩ ቁጭ ብሎ አሰበ። ሚስት የሞተችበት፣ ልጅ የሌለው ሰው ምን ብሎ ይሳላል? እኔ ይህን ያወቅሁት ፓምፕ የጠገንኩለት ገበሬ አንድ ጆንያ ሽንኩርት መኪናዬ ላይ ሲወረውር ነው።

«ይኼ ምንድን ነው ወንድምዓለም?»

«ለሰርጉ ወጥ ይሆንልሃል» አለኝና በጎን በኩል ጠቀሰኝ።

እጄ መፍቻው ላይ ቀረ። የልጃቸው ባል በደጃቸው እያለፈ፣ ለገዛ ታቦታቸው ድንጋይ እያመላለሰ፣ ሌላ ሚስት ይለምናል ማለት ነው! ይህን እሜቴ ካሳነሽ ከሰሙ ከባጃጅም አልፎ በራቸውን ይዘጉብኛል። ያንን ስም የምሰማበት ቦታ ከእንግዲህ ጨርሶ አይኖርም አልኩ። ፓምፑን እንደተፈታ ትቼ በረርኩ።

እሜቴ ካሳነሽ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ሩዝ በሰፌድ ያበጥራሉ። ሲያዩኝ ሊነሡ ቃጡ፤ «በእግዜር፣ በሚካኤል» ብዬ አስቀመጥኳቸው።

«እሜቴ፣ ስለ ድንጋዩ የሰሙት ነገር ውሸት ነው።»

«ምን ሰማሁ?»

«ለሚስት ብሎ ተሳለ የሚሉት።»

ሰፌዱን አስቀመጡት። «ውሸት ነው?» አሉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ያዘኑ ይመስላሉ። «እኔማ ሚካኤል ሰማኝ ብዬ ጃንጥላ ላገባለት ነበር።»

«ምን ለምነውት ነበር?»

«ለአንቱ ሚስት እንዲሰጥልኝ ነዋ። ለሌላ ለማን እለምናለሁ?» ከሰፌዱ ላይ ገለባ ለቀም ለቀም አደረጉ። «እኔ አሮጊቷ እዚያ ወንበር ላይ ተጎልቼ ሌላ ሴት በየት በኩል ትገባለች? ሳምንት ሳምንት የሟች ልጄን ስም እየጠራሁ ሰውዬውን ከመቃብር ጋር አሰርኩት አልኩ። ልቀር ብል ደግሞ ምን ብዬ ልቅር? እንቁላሉ ሲሰበር፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ምክንያት አገኘሁ።»

ወገባቸውን አላመማቸውም። ሾኩ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ምክር፣ አራት ሾክ፣ የሳምንት ድንጋይ፤ ሁሉ ለማይመለከተው ነገር ነው የዋለው። አንዳችን በሌላው ፊት አመመኝ አንልም ብያችሁ ነበር። በዚያን ቀን አልኩ።

«እሜቴ፣ እኔ ሌላ ሴት አልለመንኩም። እርስዎ ካልመጡ ስለ የሺ የሚያወራኝ ሰው የለኝም። ድንጋዩን የጫንኩት ለማንም አይደለም፤ መኪናዋ ባዶዋን ስለምትዘል ነው። ሾክ ሲሸጡልኝ ዘመድ ሞልቶኛል ብዬ ዋሽቼ ነው።»

የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱና አቧራ ገብቶባቸው እንደሆነ ሁሉ አበሱት።

«ባዶዋን ትዘላለች?»

«ትዘላለች።»

«ጭነት ሲኖርስ?»

«ትሰክናለች።»

«እንግዲያው በገበያው ቀን ይምጡ» አሉ። «ድንጋዩን ይተዉት። ጭነቱን እኔ አሰናዳለሁ።»

እስከ ገበያው ቀን ድረስ የሆንኩትን ብትጠይቁኝ አፍራለሁ። መኪናዋን ሁለት ጊዜ አጠብኳት። ጋቢናውን ጠረግሁ፤ ወንበሩ ላይ አዲስ ትራስ አኖርኩ። ራሳቸው ዳግመኛ እንዳይመታ ከወንበሩ በላይ ያለው ጣሪያ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ለጠፍኩ። ጠዋት ከወፍ ጋር ተነሥቼ ነዳሁ፤ ባዶዋን ነበረችና ቁሐር ሚካኤል እስክደርስ ሙዚቃ ሳይኖር ስጨፍር ሄድኩ።

እሜቴ ካሳነሽ ደጃቸው ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው አራት ጆንያ ሩዝ አለ። ከጆንያዎቹ አጠገብ ደግሞ ንጹሕ ቀሚስ የለበሱ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ የተከሉ አንዲት ሴት ቆመዋል።

«ወይዘሮ ጥሩዬ ይባላሉ» አሉኝ። «ጎረቤቴ ናቸው። ባላቸው ካረፉ አምስት ዓመታቸው። ወረታ ጉዳይ አላቸው።»

መልስ ሳልሰጥ ጎረቤቶች ጆንያዎቹን ጫኑ። እሜቴ ካሳነሽ የጋቢናውን በር በእጃቸው ከፍተው ወይዘሮ ጥሩዬን አስገቡና በሩን ዘጉት። ከዚያ ኋላ ዞረው፣ ሁለት ሰው ደግፏቸው፣ ጆንያው ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

«እሜቴ! ምን ማለት ነው? ወደ ፊት ይግቡ እንጂ! ሦስት ሰው ይይዛል!»

«ጭነቱን አሰናዳለሁ ብዬ የለ? ይኸው ጭነት» አሉና ነጠላቸውን አጥብቀው አሰሩ። አማት ናቸውና ክርክር አይቻልም፤ ነዳሁ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ስፖንጁን ቀና ብለው አዩት፤ ምን እንደሆነ ግን አልጠየቁኝም። በመጨረሻ እኔ ጠየቅሁ።

«እውነት ወረታ ጉዳይ አለዎት?»

«ምንም ጉዳይ የለኝም» አሉ። «መኪናዋ እንዳትዘል ክብደት ያስፈልጋል ብለው ሦስት ቀን ለምነው ነው ያመጡኝ። እሳቸውን እምቢ ማለት ይቻላል?»

«አይቻልም» አልኩ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ደግሞ አፈርንና እሳቸው በቀኝ፣ እኔ በግራ መስኮት ሜዳውን ማየት ጀመርን። ሩዙ ታጭዶ በየማሳው ተከምሯል። ጥሩ ሴት ይመስላሉ፤ ይህን መካድ አልችልም።

መኪናዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆነች። ቦይ ገባች፣ ወጣች፣ ወንበሬ ላይ ምንም አልተሰማኝም። ሻጩ ትክክል ነበር፤ ጭነት ላለው ሰው እንደዚህ ያለ ሾክ የለም። በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። እሜቴ ካሳነሽ ጆንያው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አፋቸው ይንቀሳቀሳል። ያወራሉ፤ ከኋላ ማንም የለም። የሚሉት በሞተሩ ድምፅ አይሰማኝም፤ ስለ ማን እንደሚያወሩ ግን አውቃለሁ። ጆሮዬን ወደ ኋላ አዘነበልኩ፤ አልሆነም። ማርሽ ቀነስኩ፤ አልሆነም። አንድ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ አልፎኝ ሄደ። በመጨረሻ መንገዱ መሐል አቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁት።

«ምነው ቆሙ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ።

«ልስማቸው ብዬ ነው።»

ሜዳው ጸጥ አለ። እሜቴ ካሳነሽም መኪናዋ ስትቆም ዝም ብለው ነበር። ዞር ብዬ በኋላው መስኮት አየኋቸው፤ እሳቸውም አዩኝ። ቀስ ብለው ተነሥተው፣ አንድ እጃቸውን በብረቱ ይዘው፣ የጋቢናውን ጣሪያ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መቱት።

«ሂዱ እያሉ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ በዝግታ።

ሞተሩን አስነሣሁና ሄድኩ።